የአገረ ገዥው ለስላሳ ድምፅ

ጋሼ ነጎድጓድ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ይህ አልነበረም፤ ሥራቸው ግን የመጀመሪያውን ስም ዋጠው። የውጭ ፊልም ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ ለክፉው ሰው ድምፅ የሚሰጡት እሳቸው ነበሩ። ሰውየው ዘራፊም ይሁን ጨካኝ ንጉሥ፣ እሳቸው ሲያጓሩ የሲኒማ ቤቱ ወንበር ይንቀጠቀጣል ይባል ነበር። መንገድ ላይ ሕፃናት እየከበቡ «እስቲ አንዴ ያጓሩልን!» ይሏቸዋል። ያጓራሉ። ልጆቹም እየተንጫጩ ይበተናሉ። ደግ ሰው ነበሩ። ይህን አንባቢ ይያዝልኝ፤ የደረሰባቸው ነገር የደረሰባቸው ደግ ሰው ስለነበሩ ነውና።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከረጅም ጊዜ ሥራ መፍታት በኋላ ተጠርተው፣ ምድር ቤት ወዳለው የቀረጻ ክፍል ሲወርዱ ደረጃው ላይ ወረቀት ከታቀፈች ሴት ጋር ሊጋጩ ለጥቂት ተረፉ።

«ጋሼ!»

«አንቺ! የእህቴ ልጅ! እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ፊልሙን የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ቀረጻውንም የምመራው እኔው ነኝ። የአገረ ገዥውን ድምፅ እርስዎ እንደሚሰጡ ግን ማንም አልነገረኝም።»

ተሳሳሙ። ስለ ቤተሰቡ ስትጠይቃቸው የጋሼ ነጎድጓድ ፊት ጠቆረ። «የልጄ ቤት ተቃጠለ። አንድ ማንኪያ እንኳ አልተረፈም። ቅዳሜ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ እኔ ዘንድ ይገባል።»

«ኧረ በሞትኩት! የት ያስገቧቸዋል?»

«የጓሮው ክፍል አለ አይደል? እዚያ የሚኖሩትን ሰዓት ሠሪ ዛሬ ጠዋት አነጋገርኳቸው። እናቴ በሕይወት ሳለች ያስጠጋቻቸው ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ ራሳቸውን ናቸው። ከከተማው ዳር የአረጋውያን ማደሪያ ውስጥ ቦታ አገኘሁላቸው። እሺ አሉኝ።»

«እሺ ብቻ?»

«እሺ ብቻ። ሌላ ምን ይበሉ?»

ልጅቷ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ፊቷ ልውጥ አለና ቀድማቸው ወረደች።

የቀረጻው ክፍል ግድግዳው በሙሉ በስፖንጅ የተለበጠ ነው። እዚያ ውስጥ የተናገሩት ቃል ከአፍ እንደወጣ ይሞታል፤ የሚመለስ ማስተጋባት የለም። ዝም ካሉ የገዛ ደማቸው በጆሯቸው ሲሄድ ይሰማቸዋል። ጋሼ ነጎድጓድ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ስክሪኑ ፊት ቆሙ።

የፊልሙ ታሪክ ይህ ነው። ሰዎች የኖሩባት ዓለም ተቃጥላ ታልቃለች። የተረፉት በአንድ መርከብ ጠፈሩን አቋርጠው አንዲት ጸጥ ያለች ዓለም ላይ ያርፋሉ። እዚያ አንድ ሐይቅ አለ፤ ነፋስ የማይነካው። ከውሃው በታች እንደ መስተዋት የሳሱ ፍጡራን ይኖራሉ፤ ቀስ ብለው ይተነፍሳሉ፣ እጅግ አልፎ አልፎ ዓይናቸውን ይገልጣሉ። የሰዎቹ መሪ አገረ ገዥው ሐይቁን ማድረቅ ይፈልጋል፤ የሚታረስ መሬት ያለው ከሥሩ ብቻ ነውና።

አገረ ገዥው የተኛች ሕፃን ጭኑ ላይ አድርጎ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ታየ። ጋሼ ነጎድጓድ ደረታቸውን ነፍተው አጓሩ።

«ይቁም!» አለች የእህታቸው ልጅ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አያጓሩ። ሰውየው እንደ አባት ነው የሚናገረው።»

«አባት? ይህ ሰው የስንቱን ነፍስ ነው የሚያጠፋው!»

«ያጠፋል።»

«እንግዲያው ክፉ ነው። ክፉ መሆኑን ደግሞ ተመልካቹ ከመጀመሪያው ቃል ማወቅ አለበት። እኔ ይህን ያህል ዘመን የሠራሁት እኮ ቀልድ አይደለም! ሕፃን ልጅ ድምፄን ሲሰማ ከማን መሸሽ እንዳለበት ይማራል።»

«ከሚያጓራ ሰው መሸሽ ይማራል» አለች ልጅቷ ረጋ ብላ። «እስቲ ልጠይቅዎት፣ በዕድሜዎ የበደለዎት ሰው ሁሉ አጓርቶብዎት ያውቃል?»

ጋሼ ነጎድጓድ አሰብ አደረጉ። ያጓራባቸው ሰው አንድም ትዝ አላላቸውም።

«በሚያጓራው ክፉ ተመልካቹ ደስ ብሎት ነው የሚወጣው» ስትል ቀጠለች። «‹እኔ አላጓራም፤ ስለዚህ ንጹሕ ነኝ› ብሎ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ይህ አገረ ገዥ ግን ልጆቹን ይወዳል። ርኀባቸው እውነት ነው፣ ቤታቸው መቃጠሉ እውነት ነው። የሚሠራው ግፍም እውነት ነው። ፍቅሩም፣ ችግሩም፣ ግፉም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ተጎራብተው ይኖራሉ።»

«ልጄ፣ አንቺ ክፉን ሰው በሳሙና እያጠብሽው ነው!» ጋሼ ነጎድጓድ ተቆጡ። «ተመልካቹ ቢወደውስ? ያለቁትን የሐይቅ ነፍሶች ማን ያለቅስላቸዋል?»

አንባቢ ይህን ጥያቄ እንደ ሽማግሌ ግትርነት አይመልከተው። እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ልጅቷም ለመመለስ አልቸኮለችም።

«እንዲወደው እፈልጋለሁ፤ ግማሽ መንገድ ድረስ። ከዚያ ሐይቁን ደርቆ ሲያየው፣ የወደደው እጅ ምን እንደሠራ ሲያይ፣ እሱ ነው የሚያስለቅሰው። ለምን እንዳደረገው መረዳትና ይቅር ማለት አንድ አይደሉም ጋሼ። ሳንረዳው ካወገዝነው ግን እኛ ቤት ሲመጣ አናውቀውም።»

«እሺ፣ አንዴ ልሞክረው» አሉ ሳይዋጥላቸው። «ሳቅ ቢመጣባችሁ በእኔ አትፍረዱ።»

የክፍሉ መብራት ቀነሰ። ስክሪኑ ላይ የሐይቁ ውሃ እንደ ብርጭቆ ረግቷል። ጋሼ ነጎድጓድ ወረቀቱን አዩና፣ ሰው ፊት ተጠቅመውበት በማያውቁት፣ ቤታቸው ብቻ በሚናገሩበት ድምፅ አነበቡ።

«ልጆቼ ማደሪያ የላቸውም። እናንተ ጥቂት ናችሁ፤ ብዙ ቦታም አያስፈልጋችሁም። የምትሄዱበትን እኔ ራሴ አመቻቻለሁ። ማንም አይጎዳም።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። የድምፅ ባለሙያው ከመለያያው መስተዋት ማዶ ጭንቅላቱን በመስማማት ሲነቀንቅ አዩት። ከዚያ የተቀዳው ተመልሶ ተለቀቀ።

አፋቸው ተዘግቷል፤ ድምፃቸው ግን ይናገራል። «ልጆቼ ማደሪያ የላቸውም...» ይህን ድምፅ ያውቁታል። ዛሬ ጠዋት በጓሮው ክፍል ደፍ ላይ ቆመው፣ ቃል በቃል ለማለት ጥቂት ሲቀረው፣ ይህንኑ ተናግረዋል። ስክሪኑ ላይ ከውሃው ሥር አንድ ፊት ብቅ አለ። ዓይኑን ገለጠ። አገረ ገዥውን አለፈና ልክ እሳቸውን ያየ መሰላቸው። አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፤ ወረቀቱ ላይ «እሺ» ተብሎ ተጽፏል።

ማዳመጫውን ከጆሯቸው ነጠቁት። «ይህን መቼ ነው የጻፍሽው?»

«ገና ባለፈው ወር ነው ጋሼ። ደረጃው ላይ ሲነግሩኝ ይኸው መስመር ነው ትዝ ያለኝ።»

«ሰዓት ሠሪው እሺ ብለዋል እኮ! ይሄም እሺ ብሏል።»

«በሐይቁ ሰዎች ቋንቋ ያ ቃል ‹ሰማሁ› ማለት ነው። ‹ተስማማሁ› ማለት አይደለም። አገረ ገዥው ግን መስማት የፈለገውን ሰማ። በእኛም ቋንቋ ‹እሺ› ሁለቱንም ስለሚሆን ነው እሱን የመረጥኩት።»

ጋሼ ነጎድጓድ ኮታቸውን አንስተው ወጡ።

ቤታቸው ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር፤ ግቢው ግን የጨለመ መሰላቸው። ምን እንደጎደለ ለማወቅ ጥቂት ቆሙ። ድምፅ ነው የጎደለው። ከጓሮው ክፍል ግድግዳ በኩል ሌት ተቀን የሚመጣው የሰዓቶቹ ቀጭ ቀጭ የለም። በሩን ገፋ አደረጉት። ግድግዳው ባዶ ነው፤ ሰዓቶቹ የተሰቀሉበት ቦታ ነጭ ነጭ ክብ ሆኖ ቀርቷል። ሰዓት ሠሪው ገና ቅዳሜ ሳይደርስ ጓዛቸውን ሸክፈው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጥቅላቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ተከድኗል፤ ቀስ ብለው ይተነፍሳሉ።

«አባቴ!» አሉ ጋሼ ነጎድጓድ ደንግጠው።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። «ሰዓቶቹን አቁሜ ጠቀለልኳቸው። እየሄዱ ከተጫኑ ይበላሻሉ።»

ጋሼ ነጎድጓድ ወለሉ ላይ ከፊታቸው ተቀመጡ። «ጠዋት ነገርኩዎት እንጂ አልጠየቅኩዎትም። አሁን ልጠይቅዎት። ምን ይሻላል ይላሉ?»

ሰዓት ሠሪው ጥያቄው ከየት እንደመጣ የሚፈልጉ ይመስል ፊታቸውን ትኩር ብለው አዩት። «ለልጆቹ ይህ ክፍል ይሻላል፤ ፀሐይ ያገኛል» አሉ በመጨረሻ። «ለኔ ከጎኑ ያለው የዕቃ ክፍል ይበቃኝ ነበር። መሄዱን ግን... አልፈልግም ነበር።»

የዕቃ ክፍሉ! የጋሼ ነጎድጓድ የድሮ የፊልም ማስታወቂያዎች፣ የተሰበሩ ወንበሮችና የማይለበሱ ካፖርቶች የታጨቁበት ክፍል። አንድ ሰው ለማስወጣት ሲያስቡ ያንን ኮተት ማስወጣት ለአፍታም አልታያቸውም ነበር። በማግስቱ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሆነው አወጡት፤ ግማሹን ሰጡ፣ ግማሹን ጣሉ። ቅዳሜ ልጃቸው ሲገባ ሰዓት ሠሪው አዲሱ ክፍላቸው ውስጥ ሰዓት እየሰቀሉ ነበር። ጥቅሙም ሳይውል ሳያድር ታየ፤ ከቃጠሎው ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ያላት ትንሿ የልጅ ልጅ ሽማግሌው ጎን ተቀምጣ ቀጭ ቀጭታውን ስትሰማ ትተኛ ጀመር። ጋሼ ነጎድጓድም ሰኞ ወደ ምድር ቤቱ ተመልሰው አገረ ገዥውን ከዳር እስከ ዳር በለስላሳ ድምፅ ተናገሩ፤ ሐይቁ ደርቆ ፍጡራኑ ፀሐይ ላይ እንደ ጤዛ ሲጠፉ ሰውየው የሚያለቅሰውን እውነተኛ ለቅሶ እንኳ ሳይቀር።

ፊልሙ በታየ ዕለት በአዳራሹ ውስጥ የጮኸም ያፏጨም አልነበረም። ሰዉ ተነሥቶ ሲወጣ መልካም ካፖርት የለበሰ፣ ፊቱ የተረጋጋ ሰው ወደ ጋሼ ነጎድጓድ መጥቶ እጃቸውን ጨበጠ።

«ደስ ይላል» አለ፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር። «እውነቱን ለመናገር አገረ ገዥው ምን አጠፋ? ልጆቹን አዳነ። እነዚያም እሺ ብለዋል።»

ጋሼ ነጎድጓድ ይህን ድምፅ ያውቁታል። የእህታቸው ልጅ ከኋላ ቆማ እያየች ነበር። እሳቸው ግን የሰውየውን እጅ አልለቀቁም።

«የኔ ወንድም፣ ጊዜ ካለህ እስቲ ቁጭ በል። እኔም ያንተን ያህል እርግጠኛ ነበርኩ። ልጆቼ የእውነት ተቸግረው ነበር፤ እኔም የእውነት ደግ ነበርኩ። ችግሬና ደግነቴ ተጋግዘው አንድ ሽማግሌ ከቤት ሊያስወጡልኝ ነበር። ጠይቄ ስሰማ ግን ለሁላችንም የሚበቃ ቦታ ተገኘ፤ እኔም የገዛ ድምፄን ሳልፈራ መስማት ቻልኩ። የሚበልጠው ትርፍ ይሄ ነው።»

ሰውየው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ባዶውን ስክሪን አየና «ታዲያ የሐይቁ ሰዎች ቢጠየቁ ኖሮ ምን ይሉ ነበር?» አለ።

«አናውቅም» አሉ ጋሼ ነጎድጓድ። «የጠየቃቸው የለም።»