መቀናጆ

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠው ጎልማሳ ጎኑ ያሉትን ሽማግሌ ይጠይቃል።

«አባባ፣ በጦርነቱ ለታረዱት በሬዎች መንግሥት ምትክ ሰጠ አሉ፤ ደረሰዎት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አንድ በሬ ሰጡኝ።»

«ታዲያ ምነው ተከዙ? ላም ነበር የፈለጉት?»

«በሬ ብቻውን ያርሳል እንዴ?»

«አንድ አንድ ያላችሁ ተቀናጁ እንጂ!»

«ድሮም የምቀናጀው ጎረቤቴ ስንሸሽ እንደተለያየን አልተመለሰም። ለሚስቱም አንድ በሬ ደርሷታል።»

«ይኸው፣ ሁለት ሆነ!»

«ጠየቅኋት። ‹እሱ ሲመጣ ትቀናጃላችሁ› አለችኝ።»

«ሰኔ እኮ ገባ። ዝናቡ ይጠብቅዎታል?»

«አይጠብቅም።»

«እና ምን አሏት?»

«‹እሺ፣ ሲመጣ› አልኳት።»

የሚሳፈር ሰው ባይኖርም፣ ከጎኔ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩትን ቦርሳ አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግሁ።