ከማድረቂያው ቤት ወለል ሥር

ልብስ አጣቢዋ እማማ ሳሙና ያን ቀን ጠዋት እንደ ተናደዱት ዕድሜያቸውን ሙሉ ተናድደው አያውቁም። በኃይልና በማዕድን ሥራ ላይ ገንዘባቸውን ሊያፈሱ የመጡ ባለሀብቶች ሰፈሩን ሊያዩ ነው ተብሎ፣ የሰፈሩ ሰብሳቢ በየደጁ እየዞረ ሰውን ለስብሰባ ይጠራል። ልብስ ሰፊውን ጠራ፤ ባለ ወፍጮውን ጠራ፤ ትናንት መጥቶ ቤት የተከራየውን ጸጉር አስተካካይ እንኳ ጠራ። እማማ ሳሙና ደጅ ሲደርስ ግን እርምጃውን አፈጠነ።

«እኔስ? እኔ ግድግዳ ነኝ?» ብለው ጮኹበት።

«እርስዎማ ከሚያናግርዎ ወለል ጋር ይሰብሰቡ እንጂ፣ እማማ!» ብሎ እየሳቀ አለፈ።

የሰማው ሁሉ ሳቀ። ሴት ካረጀች እንዲህ ነው፤ ያየችው ቅዠት ይባልባታል፣ የሰማችው ጆሮዋ ውስጥ የገባ ንፋስ ይባልባታል። ልብሳቸውን ያጠበችላቸው ግን ያቺው አሮጊት ናት።

ቀትር ላይ ዝናቡ ሲወርድ አንዲት ወጣት በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ነጭ ሸሚዟን መኪና ረጭቶባት ከአንገቷ እስከ ወገቧ ጭቃ ሆኗል።

«እናቴ፣ ከሰዓት ስብሰባ ላይ እናገራለሁ፤ ሌላ ልብስ አልያዝኩም። ይደርስልኛል?»

«ለምን አይደርስም? እንደ ሌላው አጣቢ ፀሐይ የምለማመጥ መሰለሽ? አውልቂው!» አሏትና አሮጌ ሹራብ ወረወሩላት።

አሽተው፣ አለቅልቀው፣ ጨምቀው ወደ ጓሮው ክፍል ይዘውት ገቡ። ዝናቡ ገና ሳያባራ ሸሚዙ ደርቆ፣ ልክ ከሰው ገላ ላይ እንደ ወለቀ ሞቆ እጇ ላይ ተቀመጠ። ወጣቷ ጉንጯ ላይ አስጠጋችው።

«የከሰል ምድጃ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ይህ ሙቀት ከየት መጣ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራዬ ስለሆነ ነው። ከርሰ ምድር ነው የተማርኩት።»

እማማ ሳሙና ያን ክፍል ለማንም አሳይተው አያውቁም። የልጅቱ ጥያቄ ግን ሳቅ የለበትም። በሩን ከፈቱላት።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮት የለውም። የጤና ጣቢያው አንሶላዎች በገመድ ላይ ተሰቅለዋል፤ ንፋስ ሳይኖር ጫፍ ጫፋቸው ይነቃነቃል፤ ከኋላቸው ሰው የሚተነፍስ ይመስላል። የወለሉ ድንጋይ ሙቀት በጫማ ውስጥ ያልፋል። ከክፍሉ መሃል አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ በዳሩ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ይወጣል።

ድው፣ ድው አለ ከሥር። ከዚያ ጸጥ።

ወጣቷ ባለችበት ደርቃ ቀረች። «ምንድነው እሱ?»

«ባለቤቴ ነው፤» አሉ እማማ ሳሙና አንሶላ እያጠፉ። «ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። ለእጥበቴ ውሃ ሊያወጣልኝ እዚህ ቆፈረ፤ ወርዶ ቀረ። ሊያወጣው የወረደው ጎረቤት ግማሽ መንገድ ላይ ራሱን ሲስት በገመድ ጎትተው አወጡት፤ ከዚያ ወዲያ የሚወርድ ጠፋ። ድንጋይ ገጥመው ዘጉብኝ። እኔም ቤት ሠራሁበት። ሁለቴ መምታቱ ባልዲው ይሳብ ማለቱ ነው። ድሮም እንዲሁ ነበር የሚመታው።»

ወጣቷ የወለሉን ድንጋይ በእግሯ ጫፍ ነካ አደረገች። «እናቴ፣ ከሥር ያለው ድንጋይ እንደ እሳት የጋለ ነው። የዝናብ ውሃ ወደ ታች ይሰርግና ይፈላል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ይገፋል፤ የሰማነው እሱን ነው።»

«እንፋሎት ባልዲ ሳቡልኝ ይላል?»

«ለእርስዎ እንደዚያ ይሰማዎታል...»

እማማ ሳሙና አላስጨረሷትም። የልብስ መምቻውን እንጨት አንስተው ጠፍጣፋውን ድንጋይ አንዴ መቱት። ከሥር የተጀመረው ድምፅ መሃል ላይ ቆመ። አንሶላዎቹም መነቃነቃቸውን ተዉ።

«ሰማሁህ ስለው ያርፋል። እንፋሎትሽ ጨዋ ነው እንግዲህ!»

ወጣቷ ክንዷን አሸች። ጸጉሯ ቆሟል። «ይሄን አላውቅም። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። የማውቀውን ግን ላሳይዎት። ሻማ ይስጡኝ።»

እማማ ሳሙና በልባቸው ልጅቱን ወደዷት፤ የተማረ ሰው አላውቅም ሲል ሰምተው አያውቁማ። ሻማውን ለኩሰው ሰጧት። እሷም ትንፋሿን ይዛ ቀስ ብላ ወደ ድንጋዩ ዝቅ አደረገችው። እሳቱ ወለሉ ሳይደርስ፣ ሰው በጣቱ ቆንጥጦ እንዳጠፋው ጥፍት አለ።

ደግመው ለኮሱት። ደግሞ ጠፋ።

«ባለቤትዎን የገደለው ይህ አየር ነው። የሚሸተው ሌላ ነው፤ ገዳዩ ግን ሽታም የለውም። ከሰው ጉልበት በታች ተኝቶ ይጠብቃል። እዚህ ወለል ላይ ተኝተው ያውቃሉ?»

«ሲበርደኝ በሩን ከፍቼ ደጃፉ ላይ እተኛለሁ። ሲመታም እተኛለሁ።» የጠፋውን ሻማ እያዩ «ድመቴ ባለፈው ክረምት ድንጋዩ ላይ እንደ ተኛች ቀረች፤» አሉ። «እርጅና ነው ብዬ ነበር።»

«እንግዲህ እኔና ባለሀብቶቹ የመጣነው፣ ስብሰባውም የተጠራው ለዚሁ ነው። ከጓሮዎ በላይ ካለው ባዶ ቦታ ላይ በብረት ቧንቧ ወደ ጥልቁ ይቆፈራል። እንፋሎቱ ወጥቶ ማሽን ያዞራል፤ መብራት ይሰጣል። መብራት ካለ ከጉብታው ማዶ ያለውን መዳብ አውጥቶ ማጣራት ይቻላል።»

«ያ ባዶ ቦታ እኮ የኔ ነው!»

ልጅቱ ደነገጠች። «ሰብሳቢው የቦታው ባለቤት ካሳ ተቀብላ ትነሳለች ነው ያለን።»

«ነገረኛ! አፈር ይብላና! ስሚኝ ልጄ፣ ማዕድን ፈላጊ ለዚህ ሰፈር አዲስ አይደለም። መጡ፣ ጉብታውን ቦረቦሩ፣ ጭነው ሄዱ። ለእኛ ጉድጓዱ ቀረልን፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ እየሞላ ከብት ይበላል። አሁን ደግሞ እንፋሎቴን ወስደው ጭሱን ሊተዉልኝ?»

«ያኔ የጉብታውን መሬት በካሳ ለቃችሁ ወጣችሁ። ሸጦ የወጣን ሰው ጉድጓዱን ዝጉ ቢል ማን ይሰማዋል? እርስዎ አይሽጡ። ቦታውን እንደ ድርሻ ያስገቡ። ባለድርሻ ከሆኑ ወንበር አለዎት፤ ለሰፈሩና ለጤና ጣቢያው መብራት ይግባ፣ የቆፈረ ይድፈን ብለው ያስጽፋሉ።»

«እኔ? ሀ ሁ ያልቆጠርኩ ባለሀብት?» ሳቃቸው ሳል ሆነባቸው።

«ባለሀብት ያለውን ሥራ ላይ ያዋለ ሰው ነው። በዚህ ሙቀት ሠርቶ ከእርስዎ ቀድሞ የበላ ማን አለ? ትርፉ እንፋሎት ደግሞ በቧንቧ ተመልሶ ይመጣልዎታል፤ መስኮት ያለው፣ ሻማ የማያጠፋ ማድረቂያ ቤት ይኖርዎታል።»

ነገሩ ገባቸው። ሰፈሩ ሁሉ ካሳ በልቶ ባዶ እጁን የቀረው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ሌላም መንገድ እንዳለ የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው። ግን ከሁሉ በፊት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ ሲጠይቁትም ድምፃቸው አነሰ።

«ሲቆፈር... እሱስ? መምታቱን ይተዋል?»

ወጣቷ መሬት መሬት አየች። «ግፊቱ ሲቀንስ ይተዋል ብዬ አስባለሁ።»

እማማ ሳሙና ቅርጫታቸውን ገልብጠው ተቀመጡበት። ባሏ የሞተባት ሴት መቃብር አላት፤ ሄዳ ታለቅሳለች። ለእሳቸው የቀረላቸው ያ ድምፅ ብቻ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ ቤት ውስጥ ብቻቸውን እንዳልሆኑ የሚነግራቸው እሱ ነው።

«እንግዲያው አልፈቅድም። መብራታችሁም ይቅር።»

ድው፣ ድው አለ ከሥር። አሁን ከበፊቱ ቀረብ ያለ መሰለ።

«እናቴ፣» አለች ወጣቷ በሹክሹክታ፣ «ምን እያለ ነው ያሉኝ?»

«ባልዲው ይሳብ።»

«ታዲያ ማን ይሳበው? ይህ አየር ታፍኖ እስካለ ድረስ ወደዚያ የሚወርድ የለም። እርስዎ ሰማሁህ ይሉታል እንጂ አላወጡትም። አየሩ በቧንቧው በኩል ከወጣ ግን፣ መተንፈሻ በጀርባቸው አዝለው የሚወርዱ ሰዎች አሉ። ቀላል ነው አልልም፤ ግን ይቻላል። የውልዎ የመጀመሪያ ቃል እሱ ይሁን፤ መዳቡ ከመነካቱ በፊት ሰውየው ይውጣ።»

እማማ ሳሙና ጠፍጣፋውን ድንጋይ አዩት። እነዚያን ዓመታት ሁሉ መልስ እየሰጡት መስሏቸው ነበር። ዛሬ ገና ገባቸው፤ እሱ የሚለምነው መልስ አልነበረም። እኔ በድፍረት የምለው ይህ ነው፤ የለመዱትን ይዞ መቅረትና ለሚወዱት የሚያስፈልገውን ማድረግ ሲለያዩብን፣ ሁለተኛውን ለመምረጥ የእኚህን አሮጊት ያህል ወኔ ያለን ጥቂቶች ነን።

ተነሡ። መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«ይሁን። ድርሻዬን እገባለሁ። ሰብሳቢው ካጠገቤ ይቀመጥና እኔ ስናገር ይስማ። የጉብታው ጉድጓድ ይደፈን፣ ጤና ጣቢያው መብራት ያግኝ፣ ከሁሉ በፊት ግን ሰውዬዬ ይውጣልኝ። አሁን ነይ እንሂድ።»

ወጣቷ ወደ በሩ ዞረች። እማማ ሳሙና ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። የልብስ መምቻውን እንጨት እጇ ላይ አስያዟት።

«ቆዪ፤ ወዴት ነው? ስብሰባው ይጠብቅ። መጀመሪያ ለእሱ ንገሪው። እኔ ብነግረው አያምነኝም፤ ስንት ዓመት ሰማሁህ እያልኩ አታልዬዋለሁ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አስረጂው። ራስሽን ዝቅ አታድርጊ፣ ሻማውን አይተሻል፤ ቆመሽ ምቺና ንገሪው። ማን እንደሆንሽ፣ የት እንደምትቆፍሪ፣ ባልዲው እንደሚሳብ ንገሪው። ደግሞ ጮክ በይ፤ በደህናው ጊዜም ጆሮው ይከብደው ነበር።»