ከምርቃቱ በፊት ሒሳቡ

በዚያ ጠዋት የአላምረው ባጃጅ ጎማዋ ባይተነፍስ ኖሮ፣ እኔም እንደ ልማዴ ዝም ብዬ ሥራዬ እገባ ነበር።

ከቆቦ መውጫ ላይ ቆሜ ወደ ሮቢት የሚሄድ መኪና ስጠብቅ አንዲት ባጃጅ ጥቂት አለፍ ብላ ቆመች። ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አውጥተው ወዘወዙልኝ። ጎረቤታችን ሼህ ነጅሙዲን ነበሩ።

«የደመቀች ልጅ አይደለሽም እንዴ? ነይ ግቢ! ሮቢት የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ነው። አንቺን ፀሐይ ላይ ጥዬሽ ባልፍ እናትሽ ምን ትለኛለች?»

አመስግኜ ገባሁ። ሾፌሩ አላምረው ሁለተኛ ደረጃ አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው። በመስተዋቱ አይቶኝ ፈገግ አለ እንጂ እንደ ወትሮው አልቀለደም። ምክንያቱን አውቀው ነበር። ለባጃጇ ገዢ አግኝቶላታል። በአፋር በኩል ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳውዲ ሊገባ ከደላላ ጋር ተነጋግሯል። ይህን የነገረኝ እሱው ራሱ ነው።

ብዙም ሳንርቅ ጎማው ተነፈሰ። ትርፉ ጎማ ደግሞ ከተበላሸ ቆይቷል። አላምረው አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀን፤ ጎማውን ፈትቶ ባለፈ ሚኒባስ ላይ ጫነና ሊያስጠግን ወደ ቆቦ ተመለሰ። እኛ ከመንገዱ ዳር ካለች የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ከፊታችን ያለው ማሽላ ዞብል ተራራ ግርጌ እስኪደርስ በሞቃቱ ነፋስ ይወዛወዛል።

«ይኼ ልጅ ሊሰደድ ነው ይሉኛል፤ እውነት ነው?» አሉ ሼህ ነጅሙዲን።

ዓይኔን ወደ ባጃጇ መለስኩ። ያንን እንደ መልስ ቆጠሩት።

«ስልኩ ነው ያሳበደው! ድሮ ባለ ባጃጅ መናኸሪያ ተሰልፎ፣ ተራውን ጠብቆ፣ ከጓደኛው ጋር ሲቀልድ ይውል ነበር። ይኼ ባጃጅ በስልክ መጥራት የሚሉት ከመጣ ወዲያ ግን ዓይኑ ከስልኩ አይነቀልም፤ ሰላም ቢሉት አይሰማ። ደሞዙን እየከፈሉት፣ እኔም እያስጠራሁት፣ ምን ጎደለኝ ብሎ ነው የሚሄደው?»

«ደሞዝ ማን ይከፍለዋል አባባ?»

«ኩባንያው ነዋ! በስልኩ የሚያዘው።»

ገረመኝ። ለካስ ሼሁ አላምረውን እንደ ቢሮ ሠራተኛ ወር ጠብቆ የሚቀበል ሰው አድርገው ነው የሚያስቡት።

«ኩባንያው ደሞዝ አይሰጠውም» አልኩ ቀስ ብዬ።

«እንዴት አይሰጠውም? ይሠራለት የለም?»

«ይሠራለታል፤ ግን አልቀጠረውም። ባጃጇም ነዳጁም የአላምረው ነው። ቢታመም የሚጠይቀው የለም። ኩባንያው ፈላጊውንና ባለ ባጃጁን ያገናኛል፤ ስላገናኘም ከየጉዞው ኮሚሽን ይቆርጣል።»

«ከሚያገኘው ላይ ይቁረጥ፤ ምን ችግር አለው?»

«ባያገኝም ይቆርጣል።»

«ካላገኘ ከየት አምጥቶ?»

ታላቅን ሰው ፊት ለፊት መናገር ለእኔ ከፈተና ይብሳል። ግን ደላላው ቀን ቆርጧል፤ ዛሬ ካልተናገርኩ መቼ ልናገር ነው?

«አባባ፣ ካጠፋሁ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎን ሲያደርስ ሒሳብ ይከፍሉታል?»

ከልባቸው ሳቁ። «እኔን ሊያስከፍል? እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ይይዘኛል። ‹ግድ የለም አባባ፣ ይመርቁኝ› ይላል። እኔም ስመርቀው ከኡበይድ ለይቼ አይደለም።»

ኡበይድ የመጨረሻ ልጃቸው፣ የአላምረውም አብሮ አደግ ነው። በዚያው በአፋር መንገድ ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል። ስሙን ሲጠሩ ሁልጊዜ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ተራራው ያያሉ፤ አሁንም አዩ።

«አላምረው የስልክ ካርድ እንደሚሞላ ሰው ለኩባንያው ሒሳብ አስቀድሞ ያስገባል» አልኩ። «እርስዎ በስልክ ሲያስጠሩት፣ ኩባንያው ይክፈሉ አይክፈሉ አያውቅም። ጉዞው ሲያልቅ ኮሚሽኑን ካስገባው ላይ ያነሣል።»

ከዘራቸውን መሬት ላይ አስተኙ።

«እኔን በነጻ ባደረሰ ቁጥር ከኪሱ ይከፍላል ነው የምትይኝ?»

«የነዳጁም አለ።»

«ያ ሰሚዕ! እኔ እኮ ኢስራን ‹በስልክ ጥሪው› የምላት ለእሱ ብዬ ነው! ‹ጥሪ የበዛለት ልጅ ስሙ ይነሣል› ብለውኝ፣ በእግሬ የምደርስበት ቦታ ሁሉ ሳይቀር ነው የማስጠራው!» ኢስራ የልጅ ልጃቸው ናት። «ታዲያ ለምን አይነግረኝም? አፍ የለውም?»

«ይሉኝታ አለው።»

«ጥሪውን አልቀበልም ቢልስ?»

«ጥሪ የገፋን ልጅ ስልኩ ወደ ኋላ ይጥለዋል፤ ሌላ ሰውም ቶሎ አይሰጠውም። ደግሞ የእርስዎን ጥሪ እንዴት ይግፋ?»

ፊታቸውን አጠቆሩ። «ስሚኝ ልጄ። በእኛ አገር ሁሉ ነገር በብር አይመዘንም። የሽማግሌ ዱዓ ዋጋ የለውም ልትይኝ ነው? ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ይኼን ተምረሽ እንድትመጪ ነው?»

«ዋጋማ አለው። የአላምረው እናት ሳትቀር ‹ሼህ ነጅሙ የመረቁት ልጅ አይወድቅም› እያለች ነው የምታድረው። ነገር ግን ምርቃት ስጦታ ነው አባባ። የሥራ ዋጋ ሲሆን ስጦታነቱ ይቀራል። እርስዎ ብቻ ቢሆኑ ይችለው ነበር። ከመስጊድ የሚወጣውም፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣውም፣ አባቱን የሚያውቅ ሁሉ መርቆት ይወርዳል። በቆቦ እንደ አላምረው የተመረቀ ልጅ የለም፤ ጎማ መግዣ ግን አጣ።»

ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ፈገግታው ግን አልቆየም።

«እኔ መሬቴን በእኩል፣ ምርቱን ለሁለት እየተካፈልኩ፣ አሳርሼ አውቃለሁ» አሉ። «አንበጣ የገባ ዓመት እኔም አራሹም ባዶ እጃችንን ቀረን፤ አብረን አዘንን። የእኩል ወጉ ይኼ ነው። ይኼ ኩባንያ ግን አንበጣ የበላውን ማሳ ልካፈል ይላል። ግፍ አይደለም?»

«ግፍ ነው። ልጆቹ ተባብረው ይኼ ደንብ ይቀየር ማለት አለባቸው፤ ሽማግሌም ቢያግዛቸው መልካም ነው። ግን ማሳውን የበላው ኩባንያው አይደለም።»

«አንበጣው ማነው ታዲያ?»

ቃሉ ወዴት እንደሚወስደኝ አላየሁም ነበር። ደንግጬ መሬት መሬት አየሁ። አንዲት ቅጠል አንሥቼ መቆራረጥ ጀመርኩ።

ሼህ ነጅሙዲን ከዘራቸውን ከመሬት አነሡ።

«‹እርስዎ ነዎት› በይኝ እንጂ» አሉ በለሆሳስ። «አትፈሪ። እውነት ተናግረሻል።»

አላምረው ጎማውን ይዞ ሲመለስ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ገጥሞ እስኪጨርስ ሼሁ ቆመው ሲያዩት ቆዩ።

«አላምረው፣ ወደዚህ ና። ኡበይድን ማን ሰደደብኝ እያልኩ ደላላ ስረግም ኖሬያለሁ። የአንተን ስንቅ ግን ሳላውቀው ስቋጥር የኖርኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ልጄን በገዛ እጄ አልሰድም። የሮቢት ሒሳብ ስንት ነው?»

አላምረው ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ማሽላው አየሁ።

«ኧረ አባባ! በእኔና በእርስዎ መካከል…»

«ስንት ነው አልኩህ።»

«አልቀበልም። አባቴ ከመቃብሩ ይነሣብኛል!»

«እንግዲያው ምርቃቴን መልስልኝ። እስከ ዛሬ የመረቅኩህን ሁሉ፣ አንዱም ሳይቀር!»

አላምረውን ሳቁ አመለጠው። ሼሁም ሳቁ። አላምረው እየሳቀ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና ገንዘቡን በሁለት እጁ ተቀበለ።

በማግሥቱ ጁምዓ ነበር። ሼህ ነጅሙዲን ከሶላት በኋላ መስጊዱ ደጃፍ ላይ ሽማግሌዎቹን አቁመው እኔ በፍርሃት የተናገርኩትን እሳቸው በድፍረት ተናገሩት። አንዳንዱ «የባጃጅ ጠበቃ ሆንክ?» ብሎ ቀልዶባቸዋል፤ ሆኖም ከዚያ ቀን ወዲያ ብዙዎቹ ሳይከፍሉ ለመውረድ ማፈር ጀመሩ። አቅም የሌለው ሽማግሌ ሲገኝ ሌላው ተሳፋሪ ይከፍልለታል። አቅመ ደካማ የሚረዳው በሰፈሩ ሁሉ እንጂ በአንድ ልጅ ነዳጅ አይደለምና። ባለ ባጃጆቹም ሼሁን ይዘው ኩባንያውን አነጋገሩ። «እናየዋለን» ተብለዋል፤ እስካሁን እያዩት ነው። እስከዚያው ልጆቹ እንደ ቅሬ፣ እንደ እድር፣ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ የታመመ ጓደኛቸውን ይደግፋሉ።

አላምረው ገዢውን አሰናበተ። ወደፊት ስለሚሆነው ማንም አያውቅም። አሁን ግን ትርፉ ጎማ አዲስ ነው፤ ደላላውም ከእሱ ደጅ ጠፍቷል። ይሉኝታ ጥሩ ጌጥ ነው፤ የሚወዱትን ሰው እውነት እስከ መንፈግ ሲደርስ ግን ጌጥነቱ ያበቃል።

በቀደም ደግሞ በዚያችው ባጃጅ ከሼሁ ጋር ተሳፍሬ ነበር። መጀመሪያ ሒሳቡን ከፈሉ። ከዚያ ሳይወርዱ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። መክፈል ከጀመሩ ወዲህ ምርቃታቸው ረዝሟል።

«አላህ ሄዶ የሚመለስ ያድርግህ። እንጀራህን ከደጅህ አያርቅብህ። የእናትህን ዓይን መንገድ ላይ አያስቀር…»

ስልኩ መጮኽ ጀመረ።

«አባባ፣ ሌላ ሰው እየጠራኝ ነው» አለ አላምረው።

«ይጥራ። ይኼ ኮሚሽን የለውም፤ አሜን በል።»

አላምረው ሞተሩን አጠፋ።

«አሜን» አለ። እኔም ከኋላ ወንበር፣ ከወትሮዬ ከፍ ባለ ድምፅ፣ አሜን አልኩ።