በጥርሴ የበጠስኩት ማተብ

በእኛ ጊዜ ሴት ባሏ በሠራው ትታሰር ነበር፤ አትሳቁ እንጂ! ባሌ አርበኛ ሆኖ ወደ ዓባይ በረሃ ወረደ፤ ጣሊያን እሱን ሲያጣው እኔን ከሉማሜ ጎትቶ ደብረ ማርቆስ ምሽግ ውስጥ ዘጋብኝ። «መያዣ ነሽ» አለኝ፤ መያዣ! ሦስት ክረምት ከረምኩ እዚያ።

ታዲያ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥቅምት፣ እንደ ቄስ ጥምጥም የጠመጠመ ሰው ገባ። አንገቱን እንዲህ ሰበር አድርጎ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ «እሜቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከእናትዎ ዘንድ ነው የመጣሁ። ይህን አነባበሮ ልከውልዎታል» አለኝ። እና ቀጠለ፣ «ለባልዎ ምሕረት ወጥቷል፣ እሳቸው ግን ሰው አያምኑም። የእርስዎን ምልክት ብናደርስላቸው ይገባሉ፣ እርስዎም ይፈታሉ።»

ልቤ ዘለለ፤ አልዋሽም፣ ቤቴ ናፍቆኛል። እና አነባበሮውን ገለጥ ባደርገው ቅቤው ይንጠባጠባል። ጽጌ ነው እኮ! ጽጌን የማይጾም ብዙ ነው፣ እናቴ ግን በጽጌ ቅቤ የነካ እጅ እንኳ አትጨብጥም። ታዲያ ይህን ማን ጋገረው? ይህን ጥምጥም የጠመጠመው ጣሊያን ነው አልኩ በሆዴ።

ላባርረው? ባባርረው ጸጉሬን ሸልቶ፣ ነጠላዬን ቀዶ ለምልክት ይወስዳል። ባሌ ደግሞ የዋህ ነው፣ ይመጣል፣ ከመጣ ገበያ መሀል ይሰቅሉታል። «እሺ አባቴ፣ ማተቤን ይውሰዱ፤ ራሴ የገመድኩት ነው፣ ያውቀዋል» አልኩት። ሊፈታልኝ እጁን ሲሰድ፣ «ይተዉ!» ብዬ በጥርሴ ብጥስ!

እናንተዬ፣ ማተብ መበጠስ ሃይማኖት መካድ ነው። ባሌ ደግሞ ያውቀኛል፤ አንገቴ ቢቀላ አልበጥሰውም። ቄስ ቢሆንማ ይጮህብኝ፣ ይገዝተኝ ነበር። እሱ ግን ፈገግ ብሎ በመሐረብ ጠቅልሎ ወሰደው። ጅል!

እና ባሌ አልመጣም። ደስ አለኝ፤ ኋላ ግን አሳብ ገባኝ። ገብቶት ነው የቀረው? ወይስ ቆላ ሌላ ሴት አግኝቶ? ይህን ሳወጣ ሳወርድ ጣሊያን ወጣ፣ እኔም ተፈትቼ ቤቴ ገባሁ፤ ባሌም ጢሙን ደረቱ ላይ አንዠርግጎ ከበር ቆመ። እንኳን ለቤትህ አበቃህ ሳልል፣ «ለምን አልመጣህም?» አልኩት።

«ማተብሽ ተበጥሶ ሳየው፣ ያመጣው ሰው ውሸታም ነው ማለትሽ ነው ብዬ ነዋ!»

«ያን ጊዜ ነው የገባህ ወይስ አሁን?»

«ወይ አንቺ ሴት! እስር ቤት ብትቆዪ ይሻልሽ ነበር» አለኝ።

አንገቱ ላይ ደግሞ ከቆላ ይዟት የመጣት ትንሽ የቆዳ ክታብ ነበረች። «ምንድን ናት?» ስለው «መድኃኒት ናት፣ አትንኪያት» ይላል። እኔ የዚያች የቆላ ሴት መስተፋቅር ናት ብዬ ስንት ዓመት ጎሪጥ ሳያት ኖርኩ! ሲሞት ገናዡ ቄስ አውልቀው ሰጡኝ። ጥግ ይዤ ብተረትራት ማተቤ! ጫፉ በጥርስ እንደታኘከ፣ ቋጠሮው እንዳልተፈታ።

«ታዲያ እማማ፣ አሁንስ አመኗቸው?» አለችኝ ይህች የልጄ ልጅ።

የማተቡን ነገር አመንኩት፣ ልጄ። የቆላዋን ሴት ግን ገና እዚያው ሰማይ ቤት አፋጥጠዋለሁ! ኪኪኪ... ምን ያስቅሻል አንቺ? ሴት የለችም ብሎ አንድ ቀን እንኳ አልማለልኝም እኮ!