የርግብ ኩስና የዕፀገነት አርባ

ጋሽ ዓለምሰገድ ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው የአንድ አሮጌ አዳራሽ ወለል ሲጠርጉ፣ አንዲት ወጣት «እሳት! እሳት!» እያለች በሩን በርግዳ ገባች። በፓርክላንድስ መንገድ ስታልፍ ከአሮጌው አዳራሽ የሚወጣው አቧራ ጭስ መስሏት ነው። የጎረቤታቸው ልጅ ምርቃት ነበረች፤ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች የላቦራቶሪ ባለሙያ።

«ምን እሳት አለ ልጄ! የርግብ ኩስ ነው። ነገ የባለቤቴ የዕፀገነት አርባ እዚህ ነው።»

«ንጎጃ ጋሼ፣ ይቆዩ! መጥረጊያውን ይጣሉት!»

ጋሽ ዓለምሰገድ ተቆጡ። ሰው መቅጠር አቅቷቸው አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ቤታቸውን ላጸዳች ሚስት፣ አንዴ እንኳ በገዛ እጃቸው ሊጠርጉላት ብለው ነው።

«መጥረጊያ ጣል የምትይኝ፣ አንቺ በአፍሽ ልትጠርጊው ነው?»

«በውሃ ነዋ! ደረቅ ኩስ ሲጠረግ ይበናል። በዓይን የማይታይ ሻጋታና ጀርም ሊኖርበት ይችላል፤ ሳንባ ውስጥ ይገባል።»

«ከዶሮ ጋር ነው ያደግሁት። ምን ሆንኩ?»

«እርስዎስ ጠንካራ ነዎት እንበል። እትዬ ጥሩወርቅስ?»

ጋሽ ዓለምሰገድ መጥረጊያውን ግድግዳ አስደገፉት። የሟች ታላቅ እህት ጥሩወርቅ አስም አለባቸው። ለቀብሩ ታመው አልደረሱም፤ እህታቸውን የሚያለቅሱት ነገ እዚህ ነው።

«በነጠላ ይሸፈናሉ» አሉ ለዘብ ብለው።

«እስቲ የእርስዎን ይፍቱና የውስጡን ይዩት።»

ፈቱት። አፋቸው ያረፈበት ቦታ ግራጫ ሆኗል።

«በስመ አብ! ይህን ሁሉ ስውጥ ነበር?»

«ፖሌ፣ አይዞዎት። ሳል ወይም ትኩሳት ከመጣብዎ ግን ለሐኪሙ ስለ ርግቦቹ ይንገሩት።»

ለሚወዱት ሰው መድከም መልካም ነው፤ ድካሙ ግን የቀሩትን የሚጎዳ ከሆነ ለሟች ክብር አይሆንም። ጋሽ ዓለምሰገድም ይህ ሲገባቸው እንደ ወጣት ተነሡ። አቧራው እስኪረጋ ውጭ ቆዩ፤ ምርቃት ከፋርማሲ አፍንጫ ላይ ግጥም የሚል ጭንብልና ጓንት ይዛ መጣች። የሳሙና ውሃ በቀስታ ረጩበት፤ በኃይል ቢረጩት ያው ይበናል። ኩሱ ሲርስ በአካፋ እየዛቁ በድርብ ፌስታል አሰሩት፤ ወለሉንም በእርጥብ ጨርቅ ወለወሉ።

«ወይ ጉድ! ቀይ ወለል ነበረው እኮ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ዓለምሰገድ።

«እርስዎ እኮ እርሻ መስሎዎት ሊያርሱት ነበር!»

ከቀብሩ ወዲህ ያልሳቁት ሰው ሳቁ። ልብሳቸውን ቀየሩ፣ እጃቸውን ታጠቡ፤ ጎጆና ጫጩት አለመኖሩንም አይተው፣ ርግቦቹ የሚገቡበትን ቀዳዳ፣ ፉንዲ የሚሉትን የጥገና ሠራተኛ ጠርተው በሽቦ አስደፈኑ።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ሕፃናት ወለሉ ላይ ዳዴ አሉ፤ ምግቡ ላይ አቧራ አልወረደም። እትዬ ጥሩወርቅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከመሐል ተቀመጡ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እህታቸውን በስሟ እየጠሩ አለቀሱ። ሲወጡ የጋሽ ዓለምሰገድን እጅ ያዙ።

«ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉ። «ሳል ሳያቋርጠኝ አለቀስኩላት።»