የሊማሊሞ ገመድ

በ1968 ዓ.ም. ነሐሴ ከዳባት ወደ አዲ አርቃይ ስሄድ የጫነን መኪና ሊማሊሞ ላይ ቆመ። ናዳ መንገዱን ዘግቶታል። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ሰው ሲከራከር ሰምቼ ማለፍ አይሆንልኝም። ወርጄ ቀረብሁ።

የመንገድ ሠራተኞቹ ዶማና አካፋቸውን ጥለው ተቀምጠዋል። ሊወድቅ የተንጠለጠለውን ድንጋይ ለመፈንቀል አንድ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ገደሉን ይወርዳል። ገመዱን ከላይ የሚይዘው የሥጋ ዘመዱ ብቻ ነው፤ ለባዕድ መስጠት ነውር ነው። ይህ ልማድ ለአሠሪው ተመችቶታል፤ ለአንድ ገመድ ከአንድ ያዥ በላይ አይቀጥርም።

ሽማግሌው አያ ክንዴ ገመዱን በትከሻቸው አንግተው ቆመዋል። የሚወርደው ልጃቸው ታገኘ ነው።

«አያ ክንዴ፣ እባክዎ ይታገሡ» አላቸው ቢራራ፤ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ወጣት፣ የአዲሱ የሠራተኛ ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። «ለአንድ ገመድ ሦስት ያዥ ካልተቀጠረ ማንም አይወርድም ብለናል።»

«ብለናል! እኔን ማን ጠየቀኝ? ልጄን እኔ ወለድሁት፣ እኔው እይዘዋለሁ። ከመካነ ብርሃን የመጡት ሥራ ፈላጊዎች ማዶ ቆመው አይታዩህም? እኛ እንቢ ስንል እነሱ ይገባሉ፤ ልጄ እንጀራውን ያጣል።»

«አምና ጓደኛችን ውዱ ገደል ሲገባ ገመዱን ማን ይዞት ነበር?»

«ወንድሙ።»

«ወንድሙ አይወደውም ነበር?»

«ኧረ ተው አንተ ልጅ! እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚያየው!»

«ጭቃው አዳለጠው እንጂ መቼ ፍቅር አነሰው? ሁለት ሰው ከኋላው ቢኖር ውዱ ዛሬ ከእኛ ጋር ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ክንድዎ እንደ ድሮው ነው?»

ደፋር! ልቆጣው ነበር፤ ግን እውነቱን ነው። አያ ክንዴ በቁርጥማት የጎበጡ ጣቶቻቸውን አዩ።

«ወደ ደባርቅ ጤና ጣቢያ የሚሄደው በሽተኛስ? መንገዱ ተዘግቶ ይደር?»

«ውዱ ሲሞት ግማሹ ሠራተኛ ፈርቶ ጥሎ ሄደ፤ መንገዱም ተዘግቶ ከረመ። እኛ በሕይወት ስንኖር አይደል የሚጠረገው?»

ይኼኔ አሠሪው እየተንጎራደደ መጣ። «አድማ ነው? ፀረ አብዮት ናችሁ ብዬ አሳስራችኋለሁ! እናንተ የመካነ ብርሃን ሰዎች፣ ኑ ግቡ!»

ሰዎቹ ሲመጡ አያ ክንዴ ገመዱን ከትከሻቸው አውርደው ከፊታቸው ቆሙ። «ወንድሞቼ፣ ገደሉን እዩት። እናንተን ማን ሊይዛችሁ ነው? ዘመድ ይዛችሁ መጥታችኋል?»

«የለንም» አለ ገሠሠ የሚባል ጎልማሳ።

«እንግዲያው ከእኛ ጋር ተቀመጡ። ለአንድ ገመድ ሦስት ሰው ሲባል ለእናንተም ሥራ ይተርፋል።» ከዚያ ወደ አሠሪው ዞሩ። «በል እሰር! ከእኔ ጀምር!»

የመካነ ብርሃን ሰዎች ተቀመጡ። ሾፌራችን ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥሁ፤ ደግ አደረግሁ! አሠሪው ዛተ፣ ተሳደበ፤ ድንጋዩ ግን በስድብ አይነሣም። ቢቸግረው «ሦስት ይሁን!» አለ።

ማኅበር ምን ይሠራል የምትሉኝ እንግዲህ ስሙ። በዚያ ክረምት አንድም ሰው ገደል አልገባም። ሥራ ፈላጊው ሥራ አገኘ፣ በሽተኛው መንገድ ላይ አልቀረም፣ የውዱን ሚስት የደብሪቱን ማሳ ማኅበርተኞቹ ወጥተው አረሙላት። ለብቻው የቆመ ሰው ይህን ሁሉ ከየት ያመጣዋል?

እኔ ግን የማልረሳው ያንኑ ቀን ነው። ታገኘ ወገቡን ታጥቆ ገደሉ አፍ ላይ ቆመ። አያ ክንዴ ገመዱን ያዙ፤ ቢራራ ከኋላቸው ያዘ። ከዚያ ሽማግሌው ዞረው ጫፉን ለገሠሠ ዘረጉለት።

«ያዝ ወንድሜ» አሉት። «ልጄ ነው።»