ጣሪያ ላይ ያልተወረወረው ጥርስ

ከኩታበር ወደ ደሴ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው ከሐጂ መሕሙድ ጋር የተገናኘነው። የአሥር ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ኢስራ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ልጅቷ ድንገት ስትስቅ «አፍሽን ግጠሚ!» ብለው ተቆጧት። የጥርስ ሐኪም ነኝና እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ሐጂ፣ ምን አጠፋች?»

«ተይኝ ልጄ! የወተት ጥርሷ ሲወልቅ ጣሪያ ላይ ወርውሪው ብላት ሣር ውስጥ ጣለችው። ይኸው ሁለት ዓመት ሞላው፣ አልበቀለም። አክስቷ፣ ልጄ ሐዋም እንዲሁ ጥላ፣ ጥርሷ ሳይበቅል ቀረ።»

«እሷንስ ምን አደረጓት?»

«ሦስት ቀን ሙሉ ሣሩን አስፈለግኋት። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሁሉ ዝርክርኳ ይላት ጀመር። ኮምቦልቻ ካገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኮርፋኝ ለኢድ እንኳ ደጄን አትረግጥም።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

ዝም ማለት አላውቅበትም። ደሴ ፒያሳ ወዳለው ክሊኒኬ ሁለቱንም ወስጄ ልጅቷን ራጅ አነሣኋት።

«ይመልከቱ ሐጂ፤ ገና ያልወጡት ጥርሶቿ ከድዱ ሥር ይታያሉ። እዚህ ቦታ ግን ምንም የለም። ከተፈጠረች ጀምሮ የለም።»

«ሱብሃነላህ! እንዲህ ያለ ሰው አለ?»

«ሞልቷል እንጂ! ከመቶ ሰው አምስት ስድስቱ እንዲህ ነው ይላሉ ያጠኑት። እኔ ጋ ስንቱ ይመጣል መሰለዎት! ብዙውን ጊዜ በዘር ይወርዳል።»

«በእኛ ዘር የለም!»

«እስቲ አፍዎን ይክፈቱልኝ።»

ከፈቱ። ሪዛቸው በሸፈነው በኩል የአንዲት ጥርስ ቦታ ባዶ ነው።

«ይቺ መቼ ወለቀች?»

«ኧረ ድሮም አልበቀለች። ወንድ ነኝ፣ ማን ይጠይቀኛል?»

«የወተት ጥርስዎን ጣሪያ ላይ አልወረወሩትም ነበር?»

«እናቴ ናት በእጇ የወረወረችው…» አሉና የኢስራን ራጅ መልሰው አዩት። ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔው ነኝ ለካ! ከእኔ በወረሰችው ልጄን ስቀጣ ኖርኩ?»

አዘንኩ። እንዲህ ያለ ቅጣት የተቀበለ ስንት ልጅ ይኖር ይሆን?

«ለኢስራ ገና ጊዜ አለን» አልኳቸው። «ክፍተቱን እየተከታተልን እንጠብቅላታለን፤ አድጋ ስትጨርስ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይገባላታል። የልጅ ጥርስ ወልቆ ምትኩ ሳይበቅል ዓመት ካለፈው ራጅ ማስነሣት ነው እንጂ ልጅን ምን አድርግ ይሉታል? ቶሎ ከታወቀ ሕክምናውም ይቀላል፣ ልጁም አንገቱን ሳይደፋ ያድጋል።»

«አመንኩሽ ልጄ። ግን ለሐዋ አንቺው ንገሪልኝ፤ እኔ አፍ የለኝም።»

የዚያኑ ቀን ከሰዓት አብረን ኮምቦልቻ ወረድን። ሐዋ ራጁን እያየች ሁሉንም ሰማችኝ። ሐጂ ቆመው «አፉ በይኝ ልጄ» አሏት።

«አፉ ብያለሁ አባባ።» እንባዋ ወረደ። «የኮረፍኩ መስሎዎት ኖሯል? ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ፣ ዐይንዎን ማየት አፍሬ ነው የቀረሁት።»